ነርስን በክርስቲያናዊ ዓይን ማስተማር ምን ማለት ነው?

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ በጅማ ከተማ በአንድ የግል ጤና ኮሌጅ የነርሲንግ መምህርት ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ሥርዓተ ትምህርቱን ሲገመግም የክፍሉን የትምህርት ፍልስፍና በአንድ ገጽ አዘጋጅቼ እንዳቀርብ ተመደብኩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ወደዚህ ሙያ የገባሁትም በእምነቴ ምክንያት ነው። ይህንኑ በረቂቁ ላይ ሳሰፍር አንድ ባልደረባዬ «ነርሲንግ ሳይንስ ነው፤ ሃይማኖትሽን በር ላይ ትተሽ ግቢ» አሉኝ። ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ሲሆኑ የቀሩት ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት ናቸው። ክርስቲያናዊ የሆነ የነርስ ትምህርት ፍልስፍና በእርግጥ አለ? ካለስ እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ቦታው የት ነው? ተማሪዎቼ በታማሚ አልጋ አጠገብ እንዲጸልዩ ልፍቀድ ወይስ ልከልክል?
መምህርት ነኝ፣ ከፈረንጅ አራዳ፣ ጅማ

መልስ፦ ውድ መምህርት፣ ከሁሉ በፊት ኮሌጁ በስሙ የሚያወጣውን ሰነድና እርስዎ ክፍል ሲገቡ በልብዎ ይዘውት የሚገቡትን እምነት ለያይተን እንያቸው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲካሄድ ያዛል፤ በአንቀጽ 27 ደግሞ የማንም ሰው የእምነት ነፃነት በማስገደድ እንዳይገደብ ይከለክላል። ስለዚህ ኮሌጅዎ የቤተ ክርስቲያን ተቋም እስካልሆነ ድረስ የክፍሉ ሰነድ የአንድ ሃይማኖት ትምህርት መምሰል የለበትም፤ እስከዚህ ድረስ ባልደረባዎ ትክክል ናቸው። «በር ላይ ትተሽ ግቢ» በሚለው ግን አልስማማም። ስለ ሰው ምንነት አንዳች እምነት ሳይይዝ ነርስ የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት የለምና። ሳይገላበጥ የተኛ ሰው ዳሌው፣ ተረከዙና የጀርባው ግርጌ ፍራሹ ላይ ተጭኖ ሲቆይ ደም መዘዋወሩን እንደሚያቆም፣ ቆዳውና ሥጋውም ሞቶ የአልጋ ቁስል እንደሚሆን፣ ስለዚህም በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ እንደሚገባው ሳይንስ ያስተምረናል። ምስጋና የማይመልስ፣ ጠያቂ ዘመድ የሌለው፣ ራሱንም የማያውቅ ሰው ለማገላበጥ ተረኛዋ ነርስ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለምን ከወንበሯ እንደምትነሣ ግን አይነግረንም። ያንን መልስ ሁሉም ከየራሱ ምንጭ ይቀዳዋል፤ አንዱ ከሰብአዊነት፣ አንዱ ከሙያው ክብር፣ አንዱ ከእስልምና፣ እርስዎም ከክርስትና።

ይህ የክርስትና መልስ የትናንት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 16 የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረችውን ፌቤንን ለብዙዎች ደጋፊ ሆና ነበር ሲል አደራ ይሰጣል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቂሣርያ ለድኾች፣ ለእንግዶችና ለሕሙማን ትልቅ መጠጊያ አሠራ፤ በዚያው ክፍለ ዘመን ፋቢዮላ የተባለች ባለጸጋ ሮማዊት የሕሙማን ቤት ከፍታ ቁስለኞችን በገዛ እጇ ታጥብ ነበር። ለእርስዎ ጥያቄ የሚጠቅመው ታሪክ ግን ከዚህ ዘግይቶ የመጣው ነው። በጀርመን አገር በካይዘርስቨርት ፓስተር ቴዎዶር ፍሊድነር እ.ኤ.አ. በ1836 የሴት ዲያቆናት ማሠልጠኛ ከፈቱ፤ የዘመናዊ ነርስነት መሥራች የምትባለው ፍሎረንስ ናይቲንጌልም በ1851 ለሦስት ወር ያህል በዚያ ተማረች። በስተእርጅናዋ ስለዚያ ቦታ ስትጽፍ የነርስነቱ ሥራ ከምንም የማይቆጠር፣ የንጽሕና አያያዙም አስከፊ እንደ ነበረ፣ ይሁን እንጂ ከዚያ የበለጠ ንጹሕ የሆነ ራስን መስጠት በሌላ ቦታ አይታ እንደማታውቅ ገልጻለች። እኔ ይህን ምስክርነት እንደ ዋዛ አላልፈውም። ምእመናን፣ ትጉሃንና ደጋጎች የተሰበሰቡበት ቤት ነበር፤ ሆኖም ደግነታቸው ክፍሉን አላጸዳውም። እ.ኤ.አ. በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል በስሟ የተከፈተው ትምህርት ቤት ለአንድ ቤተ እምነት ተከታዮች ብቻ ያልተወሰነ፣ በሆስፒታል ክፍል ውስጥ በሚሰጥ ሥልጠና ላይ የቆመ እንዲሆን የተደረገውም ሃይማኖት ስለ ጠላች አይደለም፤ እርሷ ራሷ የእግዚአብሔርን ጥሪ ሰምቻለሁ የምትል ሴት ነበረች።

ከአገራችንም የዐፄ ኃይለ ሥላሴን ልጅ ልዕልት ፀሐይን ማስታወስ ይቻላል። በስደቱ ዘመን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ትምህርቷን አጠናቅቃ፣ ወደ አገሯ ከተመለሰች ብዙም ሳትቆይ በ1934 ዓ.ም. በወለጋ አርፋለች። የንጉሠ ነገሥት ልጅ ለነርስነት መማሯ፣ ያውም የታመመን ሰው ሰውነት ማጠብ የአሽከር ሥራ ተደርጎ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዚህ በመነሣት ክርስቲያናዊ ፍልስፍና ለነርስ መምህር የሚሰጠው ዋናው ነገር ስለ ሰው ያለው አመለካከት ነው እላለሁ። ሰው በእግዚአብሔር መልክ ተፈጥሯል የሚለው የዘፍጥረት ቃል ራሱን የማያውቀውን፣ መክፈል የማይችለውንና ስሙ ያልታወቀውን ሁሉ ያካትታል። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ስለ ዕውሩ ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ሲሉ ጌታ ጥያቄውን ራሱን አልተቀበለውም፤ ስለዚህ ኤችአይቪ በደሟ የተገኘባትን ወይም ፅንስ አስወርዳ ደም እየፈሰሳት የመጣችን ሴት ፊት አጥቁሮ የሚቀበል ተማሪ ቢጾም ቢጸልይም የክርስትናን ትምህርት አልያዘም። ሥጋም በክርስትና የተናቀ ነገር አይደለም፤ ቃል ሥጋ ሆነ የምትል፣ የሙታንንም ትንሣኤ የምትጠብቅ ሃይማኖት ሥጋን ልትንቅ አትችልም።

ይህ በተግባር የሚፈተነው ሰውነት በማጠብ ላይ ነው። በሆስፒታሎቻችን ማጠቡና ማብላቱ በአብዛኛው ለአስታማሚ የተተወ ሥራ ሆኗል፤ ተማሪውም በስኪል ላብ (በተግባር መለማመጃ ክፍል) በአሻንጉሊት ላይ አንድ ጊዜ ሠርቶ ሎግ ቡኩን (የተግባር መዝገቡን) ያስፈርምና ዳግመኛ አይነካውም። ከጎማ ወረዳ የመጡ አንድ አዛውንት የቡና ገበሬ በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው ዝሎ ተኝተዋል እንበል። ተማሪው በአፋን ኦሮሞ «አካም ቡልተን?» ብሎ ሰላምታ ካቀረበ በኋላ ሊያደርግ ያሰበውን ይነግራቸዋል፣ ፈቃዳቸውንም ይጠይቃል፤ መጋረጃውን ይስባል፤ የሚታጠበውን ክፍል ብቻ ገልጦ ሌላውን በአንሶላ ይሸፍናል። ከዓይን ይጀምራል፤ ያለ ሳሙና፣ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ፣ ለእያንዳንዱም ዓይን የጨርቁን ንጹሕ ጎን እየለወጠ። ውኃው ሲቆሽሽ ወይም ሲቀዘቅዝ ይቀይረዋል፤ ቆዳ የሚተጣጠፍበትን ሁሉ ያደርቃል፤ ተረከዛቸው መቅላቱን ያያል። ሲያለብሳቸውም በዛለው እጅ ይጀምራል። ታማሚዋ ሙስሊም እናት ብትሆንና በወንድ ተማሪ መታጠብን ባትወድ ደግሞ ሳታስረዳና ሳትለምን ሴት ተማሪ ልትመደብላት ይገባል።

የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 እዚህ ላይ ለመምህራን የተጻፈ ሆኖ ይታየኛል። ጌታ ስለ ትሕትና ገለጻ አልሰጠም፤ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግር ካጠበ በኋላ ነው «ምሳሌ ሰጥቻችኋለሁ» ያለው። ከነርሶች ጠረጴዛ ሳይነሣ የተማሪን ሎግ ቡክ የሚፈርም የተግባር መምህር፣ በክፍል ውስጥ ስለ ርኅራኄ የቱንም ያህል አሳምሮ ቢናገር፣ ያስተማረው ርኅራኄ ከአንገት በላይ ነው። ጓንት አድርገው የመጀመሪያውን ታማሚ እርስዎ ይጠቡ፤ ሁለተኛውን ተማሪው ይጠብ፤ ከፍልስፍናዎ ትልቁ ክፍል እርሱ ነው።

ስለ ደጉ ሳምራዊ ብዙ ስለ ተሰበከ እኔ የማነሣው ስብከቱ የሚዘልለውን ብቻ ነው። ሳምራዊው ቁስለኛውን ስለ ሃይማኖቱ አልጠየቀውም፤ በዘመኑ የነበረውን ሕክምና፣ ዘይትና ወይን፣ ተጠቅሞ ቁስሉን አሰረ፤ አጓጓዘው፤ በእንግዶች ማደሪያ ሲጠብቀው አደረ፤ በማግሥቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ጠባቂ አስረከበው፣ ለወጪውም ሁለት ዲናር ሰጠ፣ ተመልሶ እንደሚመጣም ተናገረ። ዛሬ በዋርድ ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በፈረቃ ርክክብ ላይ እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ማንበቡን ገታ ሳያደርግ አያልፍም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለአንዳንድ ምእመናን ላይጥማቸው ይችላል፤ እምነት ለማርክ አይቆጠርም። ትክክለኛው ታማሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ መጠን፣ መስጫ መንገድና ሰዓት የሚሉት አምስቱ መመዘኛዎች ለጻድቅም ለኃጥእም እኩል ናቸው። የመድኃኒት ስሌት የወደቀ ተማሪ ትሑትና መንፈሳዊ ነው ተብሎ ቢያልፍ የሚጎዳው በአልጋ ላይ ያለው ሰው ነው፤ ያ ደግሞ ለባልንጀራ ፍቅር ማጣት ነው እንጂ ደግነት አይደለም። በተቃራኒውም የማያምን ወይም ሌላ እምነት ያለው ተማሪ በእርስዎ እጅ አንዲት ነጥብ እንኳ ሊጎድልበት አይገባም።

«ጥሪ» የሚለውን ነገር በጥንቃቄ ያስተምሩ ብዬ እጨምራለሁ። ነርስነት ጥሪ ነው ማለት እውነት ነው፤ ነገር ግን የተረኛ አበል ሲዘገይና አንዲት ነርስ ብቻዋን ዋርዱን ሙሉ ስትሸፍን አፍ ማዘጊያ ሆኖ ሲነገርም እንሰማለን። የደጉ ሳምራዊ ታሪክ በሚገኝበት በዚያው በሉቃስ ምዕራፍ 10 ቁጥር 7 «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» ተብሎ ተጽፏል። ተማሪዎችዎ ሁለቱንም ይወቁ።

ስለ ጸሎት፦ አይከልክሉ፤ ድንበሩን ግን ያሳውቁ። ታማሚው ራሱ ከጠየቀና ተማሪው በእምነቱ ከተስማማ፣ አስቸኳይ ሥራም ካልተስተጓጎለ፣ አጭር ጸሎት ጉዳት የለውም። ተማሪው ቀድሞ «ልጸልይልዎት?» ማለቱ ግን እኔ አልደግፈውም፤ መርፌውን የያዘን ሰው እምቢ ማለት ለታማሚ ከባድ ነውና። ከዚህ የሚሻለው ታማሚው የንስሐ አባቱን፣ ፓስተሩን ወይም ሼኹን ማግኘት ይፈልግ እንደ ሆነ መጠየቅና ማስጠራት ነው። ይህ ከሙያው ውጭ የሆነ ነገር አይደለም፤ አሜሪካዊቷ የነርሲንግ ምሁር ቨርጂኒያ ሄንደርሰን ከዘረዘረቻቸው 14 መሠረታዊ የነርስ እንክብካቤ ክፍሎች አንዱ ሰው እንደ እምነቱ እንዲያመልክ መርዳት ነው። በረመዳን ኢንሱሊን የሚወስድ ጿሚ ወይም በዐቢይ ጾም ወተትና እንቁላል አልቀምስም የሚል የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ ሲገጥመው ተማሪው ነገሩን አቅልሎ ሳያይ መጠየቅና ለሐኪሙ ማሳወቅ አለበት፤ በሁለቱም ሃይማኖቶች ለሕመምተኛ ቦታ እንዳለ የሚያስረዱት ደግሞ የየራሳቸው አባቶች ናቸው።

ለኮሌጁ የሚያቀርቡትን ገጽ በተመለከተ በዘርፉ የተለመዱትን አራቱን ርእሶች፣ ሰውን፣ አካባቢን፣ ጤናንና ነርስነትን፣ ይዘው የመማር ማስተማሩን ሐሳብ ያክሉበት። ስለ ሰው ክብር የሚጽፉትን ማንኛውም ባልደረባዎ ሊፈርምበት በሚችል ቋንቋ ይጻፉት፤ የጤና ሚኒስቴር ራሱ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ይኑር ማለት ከጀመረ ቆይቷል። ስለ አካባቢም ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ትምህርት ከቀድሞው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ዘመን ጀምሮ ማኅበረሰብ ተኮር በሆነ ትምህርት ይታወቃል፤ ተማሪዎች ወደ ቀበሌዎች ወጥተው ቤት ለቤት የመጸዳጃ፣ የውኃና የክትባት ሁኔታ ያጠናሉ። እርስዎ ይህንን «ታምሜ ጠይቃችሁኛል» ከሚለው ቃል ጋር በልብዎ ሊያያይዙት ይችላሉ፤ በሰነዱ ላይ ግን ማኅበረሰብ ተኮር ብለው መጻፍ ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ የአራተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነኝ። በተግባር ልምምድ ላይ ሳለሁ ጸበል ልጠመቅ ብሎ መድኃኒቱን ሊያቋርጥ የወሰነ የሳንባ ነቀርሳ ታማሚ አጋጠመኝ። እኔም ኦርቶዶክስ ስለ ሆንኩ ምን እንደምለው ጨነቀኝ።
ከአጋሮ

መልስ፦ አትጨነቅ፤ ምርጫው ጸበል ወይስ መድኃኒት አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መጠቀም እንደሚችሉ በይፋ አስተምረዋል፤ በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ም መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ተጽፏል። ታማሚውን ሳትነቅፍ ስማው፤ የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር እንደሚፈጅ፣ ሲሻለው ቢያቋርጠው ተሕዋሲያኑ መድኃኒቱን ሊላመዱ እንደሚችሉ፣ ያን ጊዜ ለቤተሰቡም ጭምር አደጋ እንደሚሆን ረጋ ብለህ ንገረው። ከዚያ ስንት ቀን እንደሚቆይና የጸበሉ ሰዓት መቼ እንደ ሆነ ጠይቀህ መድኃኒቱን የሚወስድበትን ሰዓት ከክትትል ክፍሉ ነርስ ጋር አስተካክሉለት፤ የሚበቃውን ያህል መድኃኒት ይዞ እንዲሄድም አድርጉ። በጠበሉ ቦታ ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ስለሚያድር አክታው ላይ ተሕዋሲያን መኖር አለመኖሩ ከመሄዱ በፊት መታየት አለበት። ፈቃደኛ ከሆነ የንስሐ አባቱን በስልክ አነጋግር፤ የተስማማችሁበትንም በካርዱ ላይ ጽፈህ ለሚቀጥለው ተረኛ አስረክብ።