«ድርጊት» እና «ተግባር» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «እኩይ ተግባር» ሲባል እሰማለሁ። የአማርኛ አስተማሪያችን ግን «ለክፉ ነገር ተግባር አይባልም፣ ድርጊት በሉ» ይሉን ነበር። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ እኔ ከአስተማሪዎ ጋር ነኝ። «ሁለቱ አንድ ናቸው፤ አንዱ የግእዝ፣ ሌላው የአማርኛ ነው እንጂ» የሚሉ አሉ። አልስማማም።

«ተግባር» የ«ገብረ» ልጅ ነው። «ገብረ» በግእዝ ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ቤተሰቡ ሰፊ ነው፤ ግብር፣ ምግባር፣ ግብረ ገብ፣ ገበሬም ሳይቀር ከዚያው ነው። «ገብረ ማርያም» ስንል ደግሞ «ገብር» አገልጋይ ነው። ስለዚህ ተግባር ውስጥ የታዘዘ፣ በኃላፊነት የተሰጠ ሥራ አለ። አዋጆቻችን «ሥልጣንና ተግባር» ይላሉ። «ሥልጣንና ድርጊት» ብሎ የጻፈ የሕግ ሰው አላጋጠመኝም።

«ድርጊት» የ«አደረገ» ነው። የተደረገ ነገር ሁሉ ድርጊት ነው፤ ቢታዘዝም ባይታዘዝም፣ ቢያምርም ቢከፋም። ሰዋስዋችንም አድራጊ፣ ተደራጊ፣ አስደራጊ ሲል ስለ ደግነትና ክፋት አይጠይቅም። «በጎ አድራጎት» የተባለውም «በጎ» የሚል ቅጽል ስላስፈለገው ነው።

«አደረገ» ራሱስ ከየት መጣ? በግእዝ «ደርግ» አንድነት፣ ኅብረት ነው። በቅዳሴ ካህናቱ ለማቁረብ ሲወጡ «ድርገት ወረዱ» ይባላል። በ1966 ዓ.ም. የወታደሮቹ ኮሚቴ «ደርግ» የተባለውም ከዚሁ ነው። «አደረገ»ም የዚሁ ቤት ልጅ ነው ባይ ነኝ። ማድረግ መጀመሪያ ነገርን ከነገር ማጋጠም ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ ቃልም አለን። ግእዙ «ግብረ ሐዋርያት» ያለውን መጽሐፍ አማርኛው «የሐዋርያት ሥራ» ብሎታል። ተግባርም ድርጊትም አላለም። እንዴት ያለ ጥሩ ምርጫ ነው! «ሥራ» የግእዙ የ«ሠርዐ» (ደነገገ፣ በሥርዓት አቆመ) ዘር ነውና በውስጡ ሥርዓት አለ።

ወደ «እኩይ ተግባር» ልመለስ። ጆሮዬን ይጎረብጠኛል። ማንም ያላዘዘው ክፋት እንዴት ተግባር ይሆናል? እርግጥ ተከራካሪዎቼ «ግብረ አበርስ?» ይሉኛል። እዚህ ላይ ይዘውኛል። የወንጀል ተባባሪ ግብረ አበር ነው፤ ቃሉም ከ«ገብረ» ነው። ጋዜጠኛውም፣ መግለጫ አውጪውም፣ መንገደኛውም «እኩይ ተግባር» ብሎ ለምዷል። ከዚህ በኋላ ስህተት ነው ማለት አይቻልም። እኔ ግን «እኩይ ድርጊት» ብዬ እጽፋለሁ፤ እርስዎም እንዲህ ቢጽፉ ደስ ይለኛል።

የማልለቀው ሌላ ነው፦ «ዕቅዱን ተግባራዊ አደረገ»። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቴ ማድረግ ምን ይሠራል? «ዕቅዱን ፈጸመ» ይበቃል። ገና ከተጀመረ ደግሞ «ሥራ ላይ አዋለ» አለልን።