«ማስቲሽ የሚስበውን ወንድሜን እጅ ከፍንጅ እንያዘው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እንደምን ነዎት? 14 ዓመት የሆነው ታናሽ ወንድሜ ከንፈሩ ዙሪያ ሽፍታ ወጣበት። ብርድ ነው ብለን ቅባት ገዛንለት። ባለፈው ቦርሳውን ስከፍት ግን ማስቲሽ የደረቀበት ፌስታል አገኘሁ። ለአባታችን ስነግረው «ዝም በይ፣ እየሳበ ደርሼበት ልክ አስገባዋለሁ» አለ። ወንድሜ ደግሞ «ጫማ የሚለጠፍበት ነገር እንጂ ዕፅ አይደለም፣ አታካብጂ» ይለኛል። እውነት ያን ያህል ይጎዳል? አባቴስ ልክ ነው?
ታላቅ እህት ነኝ

መልስ፦ ከአባትሽ ልጀምር፣ የእሱ ጉዳይ ቀን አይሰጥም። እየሳበ ሳለ በድንገት አትድረሱበት። አትጩኹበት፣ አታባሩት። ይህን የምለው ለልጁ አዝኜ ብቻ አይደለም። ማስቲሽ፣ ቲነር፣ ቤንዚን፣ የላይተር ጋዝ ውስጥ ያሉት ኬሚካሎች ልብን ለአድሬናሊን፣ ማለትም ስንደነግጥና ስንሮጥ ሰውነታችን ለሚረጨው ሆርሞን፣ በጣም ስስ ያደርጉታል። ልጁ በዚያች ሰዓት ሲደነግጥ የልብ ምቱ ይዘበራረቃል፣ ቀጥ ሊልም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ አሜሪካዊ ሐኪም እንዲህ በድንገት የሞቱ 110 ወጣቶችን ታሪክ ሰብስቦ አሳትሞ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረ ልጅም በዚሁ ሊሞት ይችላል።

ታዲያ ብታገኙትስ? ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ቀስ ብላችሁ ንጹህ አየር ወዳለበት ወስዳችሁ አስቀምጡት። ሲጋራም ሆነ ክብሪት አጠገቡ እንዳይለኮስ፣ ልብሱ ላይ የፈሰሰው ነገር በአንዴ ይያያዛል። ራሱን ከሳተ ትውከት እንዳያንቀው በጎኑ አስተኙትና አምቡላንስ ጥሩ።

«ዕፅ አይደለም» ላለሽው፣ አዎ፣ ለመለጠፊያ ነው የተሠራው። ችግሩም እሱ ነው፣ ሰው እንዲተነፍሰው ብሎ የሠራው የለም። ቲነር የደረቀ ቀለም ሲያሟሟ አይተሽ ታውቂያለሽ? በቲነርና በብዙ ማስቲሽ ውስጥ ያለው ቶሉዊን የሚባለው ፈሳሽ ስብ ይወዳል፣ አንጎላችን ደግሞ በስብ የተሞላ ነው። የነርቭ ክሮቻችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ አላቸው። ለወራትና ለዓመታት የሚስብ ሰው ያ ልባስ ይጎዳበታል፣ ከዚያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አረማመዱ ይወላገዳል፣ ትምህርት አይገባውም፣ መስማትና ማየትም ሊቀንስበት ይችላል። ቶሉዊን ኩላሊትንም ስለሚያውክ ፖታሲየም ከሰውነት ያልቃል፣ ጡንቻው ዝሎ ከአልጋው መነሳት የሚያቅተው ሰው አለ። ቤንዚን ከሆነ ደግሞ በውስጡ ያለው ቤንዚን የሚሉት ኬሚካል (ስማቸው መመሳሰሉ ያናድዳል) መቅኒን ይጎዳል፣ የደም ካንሰርም ያመጣል። ፌስታሉን ራሱ ላይ አጥልቆ የሚስብ ልጅ ግን እዚህ ሁሉ ሳይደርስ ታፍኖ ሊቀር ይችላል።

ሱስ ያስይዛል ወይ? ያስይዛል። ስካሩ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፣ በደቂቃዎች ይጠፋል፣ ስለዚህ ልጁ ደጋግሞ ይስባል። ሲያቆም ይነጫነጫል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ያልበዋል፣ ያቅለሸልሸዋል። ለዚህ ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። የሚያድነው የምክር ሕክምናና የቤተሰብ ትዕግሥት ነው፣ ጊዜም ይፈልጋል። ማስቲሹን መደበቅ ብቻውን አይበቃም፣ ከማን ጋር እንደሚስብና ምን ሸሽቶ እንደሚስብ እስካላወቃችሁ ድረስ ሌላ ያገኛል። ሐኪም ጋ ስትወስዱት ደግሞ አትሸፋፍኑ፣ ማስቲሽ ይስባል በሉ። የተለመደው የሽንት የዕፅ ምርመራ ይህን አያሳይም። ካልነገራችሁት ሐኪሙ ልቡን፣ ኩላሊቱንና ፖታሲየሙን ለማየት ላያስብ ይችላል። ቶሎ ካቆመ ከጉዳቱ የሚሻሻለው ብዙ ነው፣ ሁሉም ግን አይመለስም።

ማውራት ያለባችሁ ደግሞ ጭንቅላቱ ጠርቶ ሳለ ነው፣ ልብሱ ማስቲሽ በሚሸትበት ቀን አይደለም። አባትሽ ይህን ገጽ ያንብበው፣ ልጁን ግን መጀመሪያ አንቺ አናግሪው። ፌስታሉን አውጥተሽ ፊቱ ላይ አታስቀምጪ። ከሽፍታው ጀምሪ፣ ብርድ አይደለም፣ ኬሚካሉ ቆዳውን አድርቆት ነው። «ያቃጥልሃል እንዴ?» በይውና ዝም ብለሽ ጠብቂው።