እማዬ ትንፋሹን በመቁጠሪያ ትቆጥራለች

ይድረስ ለምክር አምዷ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከሐዋሳ ነው። ዕድሜዬ 34 ነው። አረብ ሰፈር ትንሽ ሱቅ አለችኝ፤ ከተዘጋች ግን ዛሬ 11 ቀኗ ነው።

ታናሽ ወንድሜ 28 ዓመቱ ነው። ባጃጅ ነበር የሚሠራው። ከ11 ቀን በፊት ማታ 3 ሰዓት ላይ፣ ወደ አቶቴ ሰው አድርሶ ሲመለስ አይሱዙ ገጨው። ጭንቅላቱን ነው የተመታው። ከዚያች ማታ ጀምሮ አይ ሲ ዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ነው ያለው። አንድም ቀን ዓይኑን አልገለጠም።

በ7ኛው ቀን ሐኪሙ ጠራን። ኮሪደር ላይ እንደቆምን «አንጎሉ ሞቷል፤ አሁን የሚያስተነፍሰው ማሽኑ ነው» አለን። ትልቁ ወንድማችን «እና ምን ይደረግ?» ሲለው «ቤተሰብ ተመካክሮ ይወስን» ብሎን ሄደ። በማግስቱ ደግሞ አንዷ ነርስ እማዬ እየሰማች «አልጋውን የሚጠብቅ ሌላ ታካሚ አለ» አለች። ከዚያ ወዲህ እማዬ የሆስፒታሉን ሰው በሙሉ ማመን ተወች።

እማዬ ጠዋት ጠዋት ገብርኤልን ተሳልማ፣ ጸበል ይዛ ትመጣለች። የሚያስገቧት ለግማሽ ሰዓት ነው። አልጋው ጎን ትቆምና ደረቱ ከፍ ባለ ቁጥር በመቁጠሪያዋ አንድ፣ ሁለት እያለች ትቆጥራለች። እኔን ሰዓት ታስይዘኛለች። «በደቂቃ 14 ነው። ትናንትም 14 ነበር። አልደከመም ልጄ» ትለኛለች። እጁ ይሞቃል። እኔም እግሩን በእርጥብ ፎጣ ሳብሰው ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ጮኬ ነርሷን ብጠራት «ያጋጥማል» ብላኝ አለፈች።

እማዬ ለገብርኤል ተስላለች። «እስከ ሐምሌ 19 ብቻ አቆዩልኝ» ትላለች። አሜሪካ ያለችው እህታችን በቀን አምስቴ ትደውላለች። «እዚህ አንዲት ልጅ ሞታለች ተብላ አራት ዓመት ኖራለች። እንዳትነኩት! ብሩን እኔ እልካለሁ» ትላለች። ትልቁ ወንድማችን ደግሞ «ሬሳ ነው የምናንገላታው፤ ይበቃል» ብሎ ከእማዬ ጋር ተኳርፏል። አንዷ ጎረቤታችን «የሚያጣድፏችሁ ኩላሊቱን ፈልገው ነው» አለችን። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ሚስቱን የጠየቃት የለም። 24 ዓመቷ ነው። የ3 ዓመት ልጅ አላቸው። ትናንት ማታ ቡና ሳፈላ ኩሽና ገብታ «እኔ እንዲቀበር ነው የምፈልገው። ግን ቸኮለች ይሉኛል» አለችኝና አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

እትዬ፣ ይነቀል ብለን ከፈረምን የገደልነው እኛ አይደለንም? ካልፈረምንስ እስከ መቼ? ደግሞ ይሄን መጠየቅ ያሳፍረኛል፤ ቢነቀል አርባውን የምንቆጥረው ከየትኛው ቀን ነው?

የጨነቃት እህት፣ ከሐዋሳ

*

ውድ እህቴ፣

እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ስለ አርባው መጠየቅሽ አያሳፍርም። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

ቤታችሁን ለሁለት የከፈለው «ይነቀል ወይስ አይነቀል» የሚለው ነው። ከእሱ በፊት ግን ሌላ ጥያቄ አለ። ወንድምሽ ሞቷል ወይስ አልሞተም? ይህንን የሚመልሰው ቤተሰብ አይደለም። እናትሽ በፍቅሯ፣ ትልቁ ወንድምሽ በድካሙ፣ እህትሽም በምትልከው ብር አይመልሱትም። የሐኪም ሥራ ነው። ኮሪደር ላይ «ተመካክራችሁ ወስኑ» ያላችሁ ሰው የራሱን ሸክም ነው እናንተ ላይ ጭኖ የሄደው። ሰው መሞቱ በቤተሰብ ድምፅ አይወሰንም። እናንተም ላልሆናችሁበት ነገር ነው እርስ በርስ ገዳይ የምትባባሉት።

«እጁ ይሞቃል፣ እንዴት ሞተ ይባላል?» የሚለው የእናትሽ ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ልብ ለመምታት የአንጎልን ትእዛዝ አትጠብቅም። ምቷን የምታስነሳው ራሷ ናት፤ ኦክስጅን እስካገኘች ትመታለች። ትንፋሽ ግን እንደዚያ አይደለም። «ተንፍስ» የሚለው ትእዛዝ የሚመጣው ከአንጎል ግንድ፣ አንጎልን ከሕብለ ሰረሰር ከሚያገናኘው ታችኛው ክፍል ነው። እሱ ከሞተ ሰው በራሱ አንዲት ትንፋሽ እንኳ አይስብም። ማሽኑ አየር ያስገባል፣ ልብ ትመታለች፣ ደም ይዞራል፣ ገላ ይሞቃል። ድሮ ማሽን ሳይኖር ትንፋሽ ከቆመ ልብም ወዲያው ተከትሎ ይቆም ስለነበር ይህ ጥያቄ አልነበረም። ጥያቄውን ያመጣው ማሽኑ ነው። ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ1968 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የአንጎል ሞት በምን እንደሚታወቅ ያወጣው። አሜሪካኖቹም በ1981 የሕግ ረቂቅ አዘጋጅተው ግዛቶቻቸው እየተቀበሉት ሄዱ። ግንዱን ጨምሮ መላው አንጎል ላይመለስ ሥራውን ካቆመ፣ ልብ ብትመታም ሰውዬው ሞቷል ይላል።

የእናትሽ መቁጠሪያ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። ለእሷ ዛሬውኑ አትንገሪያት፣ አንቺ ግን ነገ ስትገቢ የማሽኑን ስክሪን እዪ። ምናልባት እዚያም 14 የሚል ታገኛለሽ። ባለሙያ የሞላው ቁጥር ነው። የተኛ ሰው ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ይዘገያል፣ መሀል ላይ ረጅም አድርጎ ይተነፍሳል። እሱ ከራሱ አንዲት ቢጨምርበት ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ይህ ብቻውን የሞት ማስረጃ አይሆንም። ግን «አልደከመም» ያለችው ልጇን ሳይሆን ማሽኑን ሊሆን ይችላል። ይህን ስጽፍ እኔም እጄ ከብዶኛል።

የጣቶቹንም ነገር፣ ያየሽውን አይተሻል፤ ቅዠት አይደለም። የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ከአንጎል ሳይታዘዝ በራሱ ጡንቻ ሊያንቀሳቅስ ይችላል። አንዳንዴ ሁለቱም እጆች ተነስተው ደረት ላይ እስከ መግጠም ይደርሳሉ። ሐኪሞች «የአልዓዛር ምልክት» ይሉታል። ነርሷ «ያጋጥማል» ከምትልሽ ቁጭ አድርጋ ይህን ብታስረዳሽ ኖሮ ይህን ሁሉ ሌሊት አትቃዢም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው። ነገ ሐኪሙን ቢሮ ውስጥ፣ ተቀምጣችሁ አነጋግሩት። አንቺ፣ ትልቁ ወንድማችሁና የተጎዳው ወንድምሽ ሚስት ግቡ። ምርመራው ተደርጓል? መቼና በማን? የሚያደነዝዝ መድኃኒት ከሰውነቱ መውጣቱ ተረጋግጧል? የሰውነቱ ሙቀትና የደም ግፊቱ ልክ ነበሩ? እነዚህ ካልተስተካከሉ ምርመራው ሊያሳስት ይችላል። ከዚያ ዓይኑ ላይ ብርሃን ሲበራ ብሌኑ ይጠብባል ወይ፣ የዓይኑ መስታወት ሲነካ ያርገበግባል ወይ፣ ጆሮው ውስጥ በረዶ ውሃ ሲገባ ዓይኖቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይ፣ የጉሮሮው ቱቦ ሲነካ ያስላል ወይ ተብሎ ይታያል።

የመጨረሻው የትንፋሽ ምርመራ ነው። ኦክስጅን እየተሰጠው ከማሽኑ ለ8 ወይም ለ10 ደቂቃ ያህል ይለያል። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲከማች፣ ሕይወት ያለው የአንጎል ግንድ ዝም አይልም፤ ደረት ይነሳል። ካልተነሳና የደም ምርመራውም ካረጋገጠ መልሱ ታወቀ። ይህ ሲደረግ ከናንተ አንድ ሰው ቆሞ እንዲያይ ጠይቁ። አንቺ ብትሆኚ እመርጣለሁ። እናትሽ ትመን ዘንድ የሐኪም ቃል አይበቃትም፤ የልጇን ቃል ግን ታምናለች።

እህታችሁ የምትላት ልጅ ጃሂ ማክማዝ ትመስለኛለች። የ13 ዓመት ልጅ ነበረች። በታኅሣሥ ወር 2013 እ.ኤ.አ. ኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ከጉሮሮ ቀዶ ሕክምና በኋላ ደም ፈሷት የአንጎል ሞት ደረሰባት ተባለ። እናቷ አልቀበልም ብላ ፍርድ ቤት ሄደች። በኋላ ወደ ኒው ጀርዚ ወሰደቻት፤ እዚያ ከ1991 ጀምሮ በሃይማኖቱ ምክንያት የአንጎል ሞትን ለማይቀበል ሰው የሚያስብ ሕግ አለ። ልቧ እስከ ሰኔ 2018 መታ። በእናቲቱ አልፈርድም። ግን ያቺ ልጅ ለእናቷ «እማ» አላለቻትም። ተነስታም አልሄደችም። እህታችሁ «ኖራለች» ስትል ይህንንም አብራ ትንገራችሁ። ሰው ከዓመታት ኮማ በኋላ ነቃ የሚባለው ወሬ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ኮማ ውስጥ ያለ ሰው አንጎሉ ተጎድቷል እንጂ አልሞተም። ኒው ጀርዚ ውስጥ ካረን አን ኩዊንላን የምትባል ወጣት በ1976 ማሽኑ ሲነሳላት በራሷ ተንፍሳ ዘጠኝ ዓመት ቆይታለች። እሷ የአንጎል ሞት አልደረሰባትም ነበር። ለዚህ ነው ምርመራው ሙሉ ይሁን የምልሽ።

እንግሊዝ አገርም በ2022 አርቺ ባተርስቢ በሚባል የ12 ዓመት ልጅ ክርክር ተነስቶ ነበር። የአንጎል ግንዱን ምርመራ በሥርዓቱ ማድረግ አልተቻለም። የመጀመሪያዋ ዳኛ ከሌሎች ማስረጃዎች ተነስተው ሞቷል አሉ። ይግባኝ ሰሚው ግን ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብሎ መለሰው፤ ጥያቄው «ሞቷል ወይ» ከሚለው «ሕክምናው መቀጠሉ ይጠቅመዋል ወይ» ወደሚለው ዞረ። ሁለቱ አንድ ጥያቄ አይደሉም። እናንተ ቤት ተደባልቀውባችኋል።

ስለዚህ ስለ ፊርማው እንዲህ እላለሁ። ሞቱ ከተረጋገጠ ማሽን ማቆም መግደል አይደለም። ካልተረጋገጠ ማንም አያስፈርማችሁ። የሚሰጧችሁንም ወረቀት አንብቡት። «ሞቱ ተነግሮን ተረድተናል» የሚልና «ሕክምናው ይቋረጥልን ብለን ጠይቀናል» የሚል ወረቀት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ሁለተኛውን ፈርማችሁ የመጀመሪያው ወረቀት ሐኪሙ ዘንድ ቢቀር፣ ዕድሜ ልካችሁን ትጸጸታላችሁ። ሆስፒታሉ በየትኛው ሕግና መመሪያ እንደሚሠራም በጽሑፍ ጠይቁ።

አልጋ የሚጠብቅ ታካሚ መኖሩ ውሸት ላይሆን ይችላል። ማሽን ያለው አልጋ በአገራችን ብርቅ ነው፤ ውጭ የሚጠብቀውም የሰው ልጅ ነው። ግን ይህ ለሞት ማረጋገጫ ምክንያት አይሆንም፤ እናት ፊትም አይነገርም። ቅር ያላችሁን ለኃላፊው ንገሩት። የጎረቤታችሁን ወሬ ደግሞ ተዉት። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር ኩላሊቱ ይወሰድ የነበረው በሕይወት ካለ የቅርብ ዘመድ፣ በፈቃዱ ነው። እንዲህ ዓይነት ወሬ ለቅሶ ቤት ውስጥ መርዝ ነው።

ሐምሌ 19 ያልሽው ከበደኝ። ሞቱ ተረጋግጦም ቢሆን፣ እናት ልጇን ለመሰናበት ሁለት ሦስት ቀን ይሰጠን ብላችሁ ብትጠይቁ ነውር የለውም። ጠይቁ። ነገር ግን ቀኑን ከገብርኤል ጋር አታስሩት። በ19 ጠዋት ታቦቱ ወጥቶ፣ ከተማው በእልልታ ተሞልቶ፣ ልጇ ዓይኑን ሳይገልጥ ቢቀርስ? እናትሽ ያን ቀን ልጇን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ገብርኤልም እንቢ እንዳላት ነው የምትቆጥረው። ይህን ለእሷ መንገር ያለብሽ አንቺ ሳትሆኚ የነፍስ አባቷ ናቸው። ዛሬውኑ ሄደሽ አጫውቻቸው።

የወንድምሽን ሚስት በተመለከተ ተቆጥቻለሁ፤ አልደብቅሽም። ቴክሳስ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ነፍሰ ጡር ሚስቱ የአንጎል ሞት የደረሰባት ሰው ማሽኑ ይቁምልኝ ብሎ ለመነ፤ ሆስፒታሉ በጽንሱ ምክንያት አልሰማም አለ። በጥር 2014 ዳኛው የሞተች ሴት ታካሚ አይደለችም ብለው ለባልየው ፈረዱ። እናንተ ቤት ሚስት ያለ ፍርድ ቤት ናት ዝም ያለችው። አልቸኮለችም። ለልጇ አባቱ የት እንደሄደ የምትነግረው እሷ ናት። የሞት ቀን በውል መታወቁ ለእሷ ኑሮም ነው፤ ውርሱም ከዚያ ቀን ይጀምራል። ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ከፊት አስቀምጧት። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብለሽ ሁሉም ባለበት ጠይቂያት።

አርባውን በተመለከተ፣ የአንጎል ሞት በሥርዓቱ ሲረጋገጥ ወረቀት ላይ የሚጻፈው ምርመራው ያለቀበት ቀን ነው፤ ማሽኑ የቆመበት አይደለም። ያቺ የኦክላንድ ልጅ ሁለት የሞት ማስረጃ ነው የወጣላት፤ አንዱ የ2013፣ ሌላው የ2018። እናትሽ ግን ልጇ የሚለያት ደረቱ ጸጥ ሲል ነው። የነፍስ አባታችሁ የመጨረሻውን ይበሉ፤ እኔ ብሆን ከዚያ ቀን እቆጥር ነበር። ሰዓቱን ሆስፒታሉ ቀድሞ እንዲነግራችሁ ጠይቁ። ካህኑ ይገኙ። እናትሽ በግማሽ ሰዓት እንዳትወጣ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። መቁጠሪያዋንም ይዛ ትግባ።