ሁለት አማካሪ፣ ሁለት መንገድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምኖረው ደሴ ነው፤ ሥራዬ ኮምቦልቻ። አምና በመሃል ያለው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ፍሬን እምቢ ብሎት ለጥቂት ተረፍን። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱ ሲጀምር እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። አንዱ የሥነ ልቦና አማካሪ ስለ ልጅነቴና ስለ አባቴ ያስወራኛል። ሌላዋ ደግሞ "እሱን ተዪው፤ ደብተር ያዢና ፍርሃትሽን ከዜሮ እስከ መቶ ነጥብ ስጪው" አለችኝ። እነሱ ካልተስማሙ እኛ ማንን እንመን?
ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ። ይሄን ጠብ ያንቺ አማካሪዎች አልጀመሩትም። በወሬ የማከምን መንገድ ከጀመረው ሐኪም ከፍሮይድ ጋር ባልደረቦቹ ተቆራርጠዋል፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አድለር በ1911፣ ዩንግ በ1913። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መሃል ደግሞ የፍሮይድ ልጅ አና እና ሜላኒ ክላይን የምትባል የዚያው ሙያ ሰው ለንደን ላይ ጎራ ለይተው ተከራከሩ። መጨረሻው? በአንድ ማኅበር ውስጥ ሥልጠናውን ለየብቻ አደረጉት። እኛ ጋ የሃይማኖት ክርክር ሲከር አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. እዚሁ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጠርተው ቆረጡት። ለነዚህ ግን የሚቆርጥላቸው ንጉሥ የለም። እንኳንም አልኖረ እላለሁ። እንደ ፈረንጅ በ1952 አይዘንክ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ "ሕክምናችሁ ያለ ሕክምና ከሚሻለው ሰው በላይ ስለማዳኑ ማስረጃ የላችሁም" ብሎ ጽፎ ብዙዎችን አስቆጣ። ስሌቱ ክፉኛ ተተችቷል። ንዴቱ ግን ብዙዎችን "እስቲ እንለካው" አሰኛቸው።

ያንቺን ዓይነት ፍርሃት በተመለከተ የተለካው ማስረጃ ወደ ሴትየዋ ያደላል። ደረጃ በደረጃ መጋፈጥ ነው ነገሩ። ነጥቡንም የምታሰጥሽ ለዚህ ነው። መጀመሪያ መናኸሪያ የቆመ ሚኒባስ ውስጥ ትቀመጫለሽ፤ የፍርሃትሽ ነጥብ 30 ይሆን ይሆናል። እሱ ሲቀልሽ ከጓደኛሽ ጋር እስከ መጀመሪያዎቹ ኩርባዎች ወርደሽ ትመለሻለሽ። ከዚያ ኮምቦልቻ ድረስ። ልብሽ ሲመታ "ወራጅ አለ!" ብለሽ ከወረድሽ ፍርሃቱ አሸነፈ ማለት ነው፤ ትንሽ ታገሺው፣ ይበርዳል። ጎማው ያለቀ መኪና ከመጣ ግን አትሳፈሪ፤ እሱን መፍራት ጤንነት ነው።

ሰውየውንም አልጥለውም። ከመንገዱ አልፎ የቤት ነገር የሚከብድሽ ከሆነ የሱ ወሬ ይጠቅምሻል። አሁን ግን አንዱን ያዢ፤ ሁለቱን ባንዴ ስታስኬጂ የቱ እንደረዳሽ አታውቂም። ለያዝሽውም "በስንት ጊዜ ምን ለውጥ ልጠብቅ? ካልመጣስ ምን እናደርጋለን?" በይው። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ከሆነ ሌላ ፈልጊ።