ጂኖሟን ከማንበብሽ በፊት ትንኟን እወቂያት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን እስከ መጨረሻው አንብቤዋለሁ። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከታተሉን ባጭሩ ልድገመው። በባዮሎጂ ተመርቀሻል፣ የመውጫ ፈተናውን አልፈሻል፣ ከዚያ በግል ትምህርት ቤት ስታስተምሪ ቆይተሻል። አሁን ማስተርስ ጀምረሻል፤ የመመረቂያ ጥናትሽም ነፍሳትን በዲኤንኤ መለየትና መመደብ ላይ እንዲሆን ትፈልጊያለሽ። አማካሪሽ ግን "መጀመሪያ አንድ ሴሚስተር ማይክሮስኮፕ ላይ ተቀምጠሽ ትንኝ መለየት ተማሪ" ብለውሻል። ጓደኞችሽ ደግሞ "እሱ ያለፈበት ሥራ ነው፣ ቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ ግቢ" ይሉሻል። ዱባይ ያለው ወንድምሽ ይሄን ሁሉ ትተሽ ነርሲንግ ከተማርሽ እኔ እከፍላለሁ ብሏል። እናትሽም "ትንኝ ለማንም እንጀራ ሆኖ አያውቅም" ብለዋል። መጨረሻ ላይ ስለ ላፕቶፕና ስለ እንግሊዝኛሽ ጠይቀሻል።

እኔን ያስቆመኝ አንድ ዓረፍተ ነገርሽ ነው። "ጂኖም ከመጣ በኋላ ነፍሳትን በዓይን የሚለይ ሰው አያስፈልግም ይባላል፤ ታዲያ ማይክሮስኮፑ ጊዜ ማባከን አይሆንብኝም?" ብለሻል። አይሆንብሽም። ወደ ምክር ሥራ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የግብርና ምርምር ማዕከል የነፍሳት ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለኝ።

በመጀመሪያ ለጂኖሙ፣ ማለትም ለአንድ ፍጡር ሙሉ የዲኤንኤ ጽሑፍ፣ የሚገባውን ልስጠው። በአገራችን ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አረቢየንሲስ ናት። እሷንና ዘመዷን አኖፊለስ ጋምቢየን ጎን ለጎን ብታስቀምጪያቸው የትኛውም ሊቅ በዓይኑ አይለያቸውም። የሚለያቸው ዲኤንኤ ነው፤ ሁለቱን ለመለየት የሚያገለግለው የፒሲአር (ዲኤንኤን አባዝቶ የማየት) ምርመራ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ነገሩ የስም ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ። አረቢየንሲስ ከሰው ሌላ ከብትም ትነክሳለች፣ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። ስለዚህ አጎበርና የቤት ውስጥ ርጭት ብቻቸውን አይበቋትም። የትኛዋ ትንኝ እንዳለች ሳይታወቅ የወባ መከላከል ዕቅድ የሚያወጣ ሰው በግምት ነው የሚሠራው።

ሰፋ አድርገሽ ካየሽውም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 መቶ ገደማ ተመራማሪዎች ተባብረው 1,478 ጂኖችን በማነጻጸር የነፍሳትን የዘር ግንድ አወጡ። ነፍሳት የተነሱት ከ479 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ መብረር የጀመሩት ደግሞ ከ406 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ቅሪተ አካል ብቻውን ይሄን ሊነግረን አይችልም ነበር። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው፤ የዚህ አካል መሆን መፈለግሽም ደስ ብሎኛል።

አሁን ግን የምስጥን ታሪክ ስሚ። ምስጥ ለረጅም ጊዜ ራሱን የቻለ ምድብ ተደርጎ ሲቆጠር ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለንደን ያለው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ተመራማሪዎች በዲኤንኤ ተመርኩዘው ምስጥ የበረሮ ቤተሰብ ውስጥ መግባት አለበት አሉ። ዛሬ ይሄ የተለመደ ዕውቀት ነው። ሆኖም ጥርጣሬውን የዘራው ዲኤንኤ አልነበረም። ክሊቭላንድ የሚባል አሜሪካዊ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1934 እንጨት የሚበላ አንድ የበረሮ ዓይነት አንጀት ከፍቶ ውስጡ የሚኖሩትን ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት በማይክሮስኮፕ አየ፤ ከምስጥ አንጀት ውስጥ ካሉት ጋር ተመሳሰሉበት። የዲኤንኤ ቅርጽ ራሱ የታወቀው ከዚያ 19 ዓመት በኋላ ነው። ጂኖሙ የመለሰው ጥያቄ ቀድሞ በዓይን የተጠየቀ ነበር።

ወደ ራሳችን እንምጣ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የእስያ ትንኝ ናት። እ.ኤ.አ. በ2012 ጂቡቲ ታየች፤ በ2016 ሶማሌ ክልል፣ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። እዚያ የነበሩት ሰዎች የሰበሰቧቸውን ትንኞች በመልካቸው ለዩ፣ ከዚያ በዲኤንኤ አረጋገጡ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእሷ ጋር እንደሚያያዝ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ይቺ ትንኝ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜልና የውሃ ታንከር ውስጥ ትራባለች። ወባ የገጠር በሽታ ነው ብሎ ለተቀመጠ አገር ይሄ ከባድ ዜና ነው። ቀብሪ ደሃር ላይ ናሙናውን ያየው ሰው "ይቺ ከለመድናቸው አትመስልም" ማለት ካልቻለ፣ ትንኟ ከሌሎቹ ጋር ተጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ትቀር ነበር።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ትንኟን ማይክሮስኮፕ ሥር ታስተኛለሽ። ክንፏ ላይ ያለውን ጥቁርና ነጭ ታያለሽ። ከዚያ ከአፏ ግራና ቀኝ ወዳሉት ቀጫጭን መዳሰሻዎች ትሄጃለሽ፦ ስንት ነጭ ቀለበት አላቸው? በቀለበቶቹ መሃል የተረጨ ነጠብጣብ አለ? ስቴፈንሲ ላይ አለ። የመለያ መጽሐፉን ደረጃ በደረጃ ተከትለሽ ስም ትሰጫታለሽ። ከዚያ በወረንጦ አንድ እግሯን ብቻ ነቅለሽ ኤታኖል ያለበት ቱቦ ውስጥ ትከቻለሽ። ዲኤንኤው የሚወጣው ከዚያች እግር ነው። የቀረው አካሏ እርጥበት በሚመጥ ሲሊካ ጄል ላይ ደርቆ ይቀመጣል። ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ትሰጫለሽ፤ ወረቀቱ ላይ የምትጽፊው በእርሳስ ነው፣ እስክሪብቶ ኤታኖል ሲነካው ይለቃልና።

ይሄ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? የዲኤንኤው ውጤት ግራ ሲያጋባሽ የምትመለሺው ወደዚያ አካል ስለሆነ ነው። ግራ ማጋባቱ ደግሞ አይቀርም። ለመለያነት የሚያገለግለው የሚቶኮንድሪያ (የሕዋሱ ኃይል ማመንጫ) ጂን አንዳንዴ ቅጂው ኒውክለስ (የሕዋሱ እምብርት) ውስጥ ይገኝና የሌለ ዝርያ ያለ ያስመስላል። ዎልባኪያ የሚባለው ባክቴሪያም ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ የሚቶኮንድሪያውን ታሪክ ያዛባል። ዓለም አቀፍ ዳታቤዞች ላይ በተሳሳተ ስም የገቡ ሲኩዌንሶች (የዲኤንኤ ፊደል ቅደም ተከተሎች) አሉ፤ መነሻቸው ናሙናውን በደንብ ሳይለይ የላከ ሰው ነው። ሶፍትዌሩ ስህተቱን አይነግርሽም። የሰጠሽውን ስም ይዞ የሚያምር የዘር ዛፍ ይሠራልሻል።

የሥራ ገበያውንም አስቢው። ኢንተርኔት ላይ ኮድ ተምሮ ዲኤንኤ የሚተነትን ወጣት ናይሮቢም፣ ባንጋሎርም፣ በርሊንም ሞልቷል። የኢትዮጵያን ትንኝ፣ ንብ ወይም ተምች በእጁ ይዞ የሚያውቅና ኮዱንም የሚችል ሰው ግን ጥቂት ነው። የውጭ ፕሮጀክት ሲመጣ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ሰው ነው። ኮዱን ተዪው አላልኩሽም። አንዱን ሴሚስተር ማይክሮስኮፑ ላይ ተቀመጪ፣ ማታ ማታ ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓትና አር የሚባለውን የትንተና ቋንቋ ተለማመጂ፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ ትንተናው ውስጥ ግቢ። አማካሪሽ ከዚያ በላይ ሊያቆዩሽ ከፈለጉ ምክንያቱን ጠይቂያቸው።

የጥናት ርዕስ ካልቆረጥሽ ንብን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት የኢትዮጵያን ንብ አምስት ንዑስ ዝርያ አድርጎ ከፈለው። በ2011 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ አንድ ነው አለና ሲሜንሲስ ብሎ ስም አወጣለት። ሁለቱም የተመሠረቱት ክንፍና እግር በመለካት ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ጂኖሙም ወደ ክርክሩ ገብቷል። የቆላውን ንብ ደጋ ወስዶ ማርባት ያዋጣል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ አናቢ መልሱ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ልኬቱንም ዲኤንኤውንም አንድ ላይ የያዘ ተማሪ እዚህ ውስጥ ብዙ የሚናገረው አለው።

ስለ ቤተሰብ ልምጣ፣ በግልጽ ነው የማወራሽ። ወንድምሽ በፀሐይ ሠርቶ የሚልከው ብር ክቡር ነው፤ አመስግኚው። ግን ብር የላከ ሁሉ የሰውን ሕይወት አይወስንም። ነርሲንግ ጥሩ ሙያ ነው፣ ለሚወደው ሰው። አንቺ በአራት ገጽ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ነርሲንግ አንድም ጥሩ ነገር አልጻፍሽም። የማትፈልጊውን ትምህርት በእሱ ገንዘብ ጀምረሽ መሃል ላይ ብታቋርጪ፣ ያኔ ነው ልፋቱን ያባከንሽበት።

ለእናትሽ ይሄን ንገሪያቸው። ናይሮቢ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለ ኢሲፔ የሚባል የአፍሪካ የነፍሳት ምርምር ማዕከል አለ። እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2023 የዚያ ማዕከል ዋና ዳይሬክተር የነበሩት የፍኖተ ሰላሟ ልጅ ዶክተር ሰገነት ቀለሙ ናቸው። አገር ውስጥም የአርማወር ሀንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ምርምርና የሆለታው የንብ ምርምር ማዕከል አሉ። ደመወዙ እንደማያጠግብ ግን አትደብቂያቸው። የመንግሥት ተመራማሪ ከወር ወር መድረስ ይቸግረዋል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ በፕሮጀክት ረዳትነት ካልተደጎምሽ ትቸገሪያለሽ። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤቱን ሥራ ሙሉ በሙሉ አትልቀቂ፤ የቅዳሜ ክፍለ ጊዜ እንዲሰጡሽ ተነጋገሪ።

ላፕቶፕን በተመለከተ፣ ያገለገለ ይበቃሻል። የበረሃ አንበጣ ጂኖም 8.6 ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደል ነው፣ ከሰው ከሁለት እጥፍ በላይ። እንዲህ ያለውን በግል ላፕቶፕ ለመገጣጠም አታስቢ፤ ሰርቨር ነው የሚያስፈልገው። ጋላክሲ የሚባለው ነጻ የዲኤንኤ ትንተና መድረክ ደግሞ በብራውዘር ይሠራል።

እንግሊዝኛሽ የሚሻሻለው የጥናት ጽሑፍ በማንበብ ነው፤ በሳምንት አንድ አንብቢ፣ ከዚህ በላይ አትጨነቂ።

በዚህ ሳምንት አማካሪሽን አግኝተሽ ሁለት ነገር ጠይቂልኝ። አንዱ፣ የምትለዪያቸው ናሙናዎች ከጥናቱ በኋላ የት ይቀመጣሉ፣ በማን ስምስ ይመዘገባሉ? ሌላው፣ ዲኤንኤው ለሲኩዌንስ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻውን የሚያስገባው ማነው፣ መቼ? ፈቃዱ ሊዘገይ ስለሚችል ማይክሮስኮፑ ላይ የምትቆዪበት ሴሚስተር ሳያልቅ ወረቀቱ ገብቶ መሆን አለበት።