ለትምህርት የላክሁት ብር ጌም ተገዛበት

ጥያቄ፦ የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ሪያድ ሰው ቤት እየሠራሁ እናቴንና አንድ ወንድሜን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። ወንድሜ 21 ዓመቱ ነው። ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ሁለተኛ ዓመት ነው ስል ለካ ዘንድሮ አልተመዘገበም። ለክፍያ የላክሁትን ብር ያገለገለ ፕሌይስቴሽን ገዝቶበታል፤ እናቴም ታውቅ ነበር። ቀን ከሌት ቴከን የሚባል የድብድብ ጌም ላይ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባሉት ጌም ቤቶች የሚያሸንፈው የለም ይሉታል። ስቆጣው «እትዬ፣ ይኼ እኮ ሥራ ነው፤ የዓለም ውድድሩም አንቺ ያለሽበት ከተማ ነው የሚካሄደው» አለኝ። ከእንግዲህ ብር አልክም ስለው «እንግዲያው በየመን አድርጌ እመጣለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ከተኮራረፍን ሁለት ወር ሆነን። ሱስ ይዞት ነው? ልተወው ወይስ ላግዘው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ሦስት ነገር ጽፈሽልኛል፤ ብሩን፣ ጌሙንና የመንን። ቀን የማይሰጠው የመጨረሻው ነውና ከእሱ ልጀምር።

በጅቡቲ፣ በኦቦክ አድርጎ ወደ የመን የሚሻገረው መንገድ ስንት የወሎ ልጅ እንደበላ ለአንቺ አልነግርሽም። ወንድምሽ በንዴት ተናግሮት ይሆናል፤ ከደላላ ጋር ቃል ጀምሮም ይሆናል። ከዚህ ሆነን መለየት ስለማንችል ኩርፊያው ዛሬ ይብቃ። መደወልሽ ብሩን ይቅር ማለት አይደለም። «ስለ ብሩ ሌላ ቀን እንነጋገራለን፤ ዛሬ የደወልሁት የየመኑ ነገር እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው» በዪው። ቀጥለሽም ፊት ለፊት ጠይቂው፤ ያነጋገርኸው ሰው አለ? ቀን ቆርጠሃል? ብጠይቀው አሳብ እሰጠዋለሁ ብለሽ አትፍሪ፤ አሳቡን አስቀድሞ ራሱ አውጥቶታል። የሚያከብረው አጎት ወይም የሰፈር ትልቅ ሰው ካለ በዚያው ሳምንት አጠገቡ ይቀመጥለት።

ሱስ ነው ወይ ላልሽው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ ከጌም ጋር የተያያዘ የጤና ችግር ተካትቷል። የሚታወቀው በሰዓት ብዛት አይደለም። ሰውየው መቼ እንደሚጀምርና እንደሚያቆም መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲገፋበት፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። እናትሽን ስንት ሰዓት ይጫወታል ብለሽ አትጠይቂያት። ሲጠራ ተነሥቶ ይመጣል? ይተኛል? ይበላል? ሰው ይጠይቃል? እነዚህን ጠይቂያት። መልሷ ካስጨነቀሽ ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወስዳ ታሳየው። ለጊዜው ከደብዳቤሽ ተነሥቼ በሽተኛ ልለው አልችልም።

አሁን ወደ ሕልሙ። ስለ ሪያድ የነገረሽ ውሸት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2024ም በ2025ም ታላቁ የኢስፖርት፣ ማለትም የጌም ውድድር፣ የዓለም ዋንጫ እዚያው ተካሂዷል፤ ቴከንም ነበረበት። የፓኪስታኑን የቴከን ተጫዋች አርስላን አሽንም ወንድምሽ ሳያውቀው አይቀርም። የላሆር ልጅ ነው። በየካቲት 2019 እ.ኤ.አ. ብዙ ሰው ሳያውቀው ፉኩኦካ፣ ጃፓን ሄዶ ኢቮ የተባለውን ታላቅ የድብድብ ጌም ውድድር አሸነፈ። ስድስት ወር ሳይሞላ ላስ ቬጋስ ላይ «ኒ» የሚባለውን የደቡብ ኮርያ ተጫዋች ረትቶ ደገመው። ከደሴ ሆኖ ይኼን የሚያይ ወጣት ለምን አይመኝ?

ነገር ግን አርስላንን ያወጣው ብቻውን ክፍል ዘግቶ መጫወቱ አይደለም። ላሆር ውስጥ በየቀኑ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያሸንፉት ሌሎች ነበሩ፤ አገሬ እንደኔ ያሉ ብዙ ናቸው ሲል ራሱ ተናግሯል። ስለዚህ «ፒያሳ የሚያሸንፈው የለም» የሚለው ወሬ ለቤተሰብ ኩራት ቢሆንም ለዚህ ሙያ መጥፎ ዜና ነው። ተሸንፎ የማያውቅ ልጅ የሚማርበት ቦታ የለውም። በዚህ ጌም ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ይቀያየራል፤ ተጫዋቾቹ ምቱንም መከላከሉንም የሚቆጥሩት በዚያች ቅንጣት፣ በፍሬም ነው። ከሩቅ አገር ሰው ጋር በኔት ሲጫወት ትንሽ ላግ፣ ማለትም የኔት መዘግየት፣ ካለ ያ ሁሉ ስሌት ይፋለሳል። ወንድምሽን ብትጠይቂው የምመርጠው ጥያቄ ይኼ ነው፦ ከአንተ የሚበልጥ ሰው ያለው የት ነው? ከእሱስ ጋር በምን ትገናኛለህ? ይኼን አስቦበት ከመለሰልሽ ሕልሙን በቁም ነገር ይዞታል። ከተቆጣ ወይም ከሸሸ ግን ጌሙ ከኮሌጁ መደበቂያ ሆኖታል ብዬ እጠረጥራለሁ።

የገቢውንም ነገር ልብ በዪ። የዚህ ሙያ ተጫዋች የሚኖረው በቡድን ደመወዝ፣ በስፖንሰርና በሽልማት ነው፤ ትልቁ ሽልማት ደግሞ ከላይ ላሉት ጥቂቶች ነው። የቀሩት ጎን ለጎን ሥራ ይሠራሉ። ዳይጎ ኡሜሃራ የሚባለው ጃፓናዊ የድብድብ ጌም ተጫዋች በዓለም ከታወቀ በኋላ እንኳ በሃያዎቹ ዕድሜ ጌሙን ትቶ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ተቀጥሮ ሠርቷል፤ በኋላ ተመልሶ በ2010 እ.ኤ.አ. ስፖንሰር አግኝቶ ፕሮፌሽናል ሆነ። ለወንድምሽ ብትነግሪው ደስ ይለኛል፤ አንቺ የምትሠሪው ሥራ ከዚያ ብዙ አይርቅም።

ከሁሉ በላይ የከበደኝ ግን ብሩ ነው። ውሸቱ ያቆሰለሽ በገንዘቡ መጠን እንዳልሆነ ይገባኛል። ግን ለምን ዋሸ? በእህቱ ላብ የሚማር የ21 ዓመት ወንድ ቢያልፍ የእሷ ነው፤ ቢወድቅ ግን ሁለት ጊዜ ይወድቃል፣ በራሱም በእሷም ፊት። «አካውንቲንጉ አልሆነልኝም» የምትለው አንዲት ቃል እንዲህ ላለ ልጅ ተራራ ናት። ምናልባትም የከበደው ኮሌጅ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ እሱ ገና ተማሪ ነበር፤ ያን ጊዜ የተቋረጠው ትምህርት ብዙ ልጆች ላይ እንደጎደለ ቀርቷል። የት ላይ እንደጠፋበት ጠይቂው፤ ጠይቀሽም ዝም ብለሽ ስሚው።

ስትነጋገሩ የድካምሽን ዝርዝር አትቁጠሪበት። እውነት ነው፤ ግን አፉን ይዘጋዋል። ውለታ ተከፍሎ አያልቅም፤ የብር ዕዳ ግን ያልቃል። ስለዚህ የወሰደውን በብር ቁጠሩትና ወር በወር፣ ትንሽም ቢሆን፣ ለእናታችሁ ይክፈል። ከየት ያመጣዋል? ጌም ቤቱ ውስጥ ደንበኛ እያስተናገደ፣ ጆይስቲክ እየጠገነ ሊሆን ይችላል፤ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጥሮም ሊሆን ይችላል። ፕሌይስቴሽኑን ግን አታሽጪበት፤ ከተሸጠ የሚተርፈው ቂም ነው።

ልተወው ወይስ ላግዘው ላልሽው፣ አንድ ዓመት ስጪው፤ ግን በአንቺ ብር አይደለም። አዲስ አበባ ውድድር ሲኖር በራሱ ገንዘብ ተሳፍሮ ሄዶ ይግጠም፤ ተሸንፎም ቢሆን ውጤቱን ለአንቺ ደውሎ ይንገር። ልማር ካለ፣ አካውንቲንግም ይሁን ሌላ፣ ክፍያውን በቀጥታ ለኮሌጁ አስገቢ። በእናትሽ እጅ አይለፍ። እሷ በሁለት ልጆቿ መሐል ተይዛ ነው የደበቀችው፤ አትውቀሻት፤ ግን መልእክተኛነቱን አውርጂላት።

በመጨረሻ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አንብቤ ስለ ራስሽ ምኞት አንድ መስመር አጣሁበት። ሕይወትሽን በሙሉ በአንድ ልጅ ዲግሪ ላይ አስይዘሽ ከሆነ እሱ ቢሰናከል አንቺም አብረሽ ትወድቂያለሽ፤ ቁጣሽም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም የበረታው። ደመወዝሽ ሲገባ መጀመሪያ በራስሽ ስም በከፈትሽው ሒሳብ አስቀምጪ፤ የሚላከው ከዚያ የተረፈው ይሁን። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ መጠኑ እንደሚቀንስ ለእናትሽ አሁኑኑ ንገሪያት፤ ሳይደርስባት ትዘጋጅበት።