መልስ፦ ከሐዋሳ ቅርንጫፍ ወደ ኤኤስ/400፤ ፕሪንተሩ ዝብርቅርቅ ያወጣል፣ ስክሪኑም ይቋረጣል

ሰላም ወንድሜ። ሰርቨሩ (ኤኤስ/400 የሚባለው የአይቢኤም ኮምፒውተር) አዲስ አበባ፣ ፕሪንተሩ ሐዋሳ፣ የሚወጣው ደግሞ የማይነበብ ነገር ነው ብለሃል።

ፕሪንተሩን አትንካው። ወረቀት ላይ የሆነ ነገር ከወጣ መስመሩ ይሰራል ማለት ነው። ኤኤስ/400 ለህትመት የሚያዘጋጀው ፋይል ኤስሲኤስ በሚባል የራሱ ፎርማት ነው፤ የፊደል ኮዱም የአይቢኤሙ ኢቢሲዲክ እንጂ ተራ ፒሲና ፕሪንተር የሚያውቁት አስኪ አይደለም። ተራ ሌዘር ፕሪንተር ይሄን ከየት ያውቀዋል? ራይተሩን (ሰርቨሩ ላይ ህትመት የሚልከውን ፕሮግራም) አቁምና የሪሞት አውትፑት ኪውህን፣ ማለትም ወደ ሐዋሳው ፕሪንተር የሚላኩ ህትመቶች የሚሰለፉበትን ወረፋ፣ ክፈት። ሆስት ፕሪንት ትራንስፎርም የሚለውን (ፋይሉን ፕሪንተሩ ወደሚገባው ቋንቋ የሚቀይረውን) “የስ” አድርገው። የፕሪንተር ዓይነት ሲጠይቅህ፣ ያንተ ፒሲኤል (የኤችፒ የፕሪንተር ቋንቋ) የሚቀበል ከሆነ ከኤችፒ 4 ጀምር። ከዚያ ራይተሩን አስነሳ። ርካሽ የዩኤስቢ ፕሪንተር ከሆነ ግን አትድከም፤ ብዙዎቹ ፒሲኤል አያውቁም። እሱን በ5250 ኢሙሌተሩ (ፒሲውን የኤኤስ/400 ተርሚናል በሚያደርገው ፕሮግራም) የፕሪንተር ሴሽን በኩል ሞክረው። ፒሲው ከጠፋ ህትመቱም እንደሚቆም ግን እወቅ።

ጭራሽ ምንም የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ፖርት 515 (ህትመቱ በኔትወርክ የሚያልፍበት በር) ተዘግቶ እንደሆነ እዩ እል ነበር።

ስክሪኑ ከምሳ ስትመለሱ ተቋርጦ የሚጠብቃችሁ፣ መሃል ያለው ራውተር ወይም ፋየርዎል ዝም ያለ ግንኙነት ስለሚዘጋ ይመስለኛል። የቴልኔቱ (ስክሪናችሁን ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው) ኪፕ አላይቭ፣ ማለትም ሰርቨሩ ዝም ያለው ግንኙነት አሁንም እንዳለ ለማረጋገጥ የሚጠብቀው ጊዜ፣ ከመነሻው 600 ሰከንድ ነው። የአዲስ አበባው ኦፕሬተር ወደ 120 ያውርድላችሁ። መብራት ጠፍቶ ስትመለሱ “ዲቫይሱ ተይዟል” የሚላችሁም ከዚሁ ኪፕ አላይቭ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሰርቨሩ የድሮው ሴሽን መሞቱን ገና አላወቀም።

የፕሪንተሩን ሞዴል ጻፍልን እስቲ።